ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ በኬጂ ክፍል ወቅቱን በእጅ ማስተማር

በብዙ ኬጂ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የወቅቶች ሥዕል ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ነው። አንዱ ማዕዘን ላይ በረዶ የለበሰ ቤት፣ ሌላው ላይ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ይታያል። የአዲስ አበባ ልጅ መስከረም ላይ በመስኮት ሲያይ የሚያገኘው ግን አደይ አበባና ገና ያልደረቀ ጭቃ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት እጁን ቆፈን ይይዘዋል፤ የካቲት ላይ አቧራ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ወቅት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሥዕሉን ማውረድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ግቢውን ዞሮ ማየት ነው።

እዚህ የምናካፍለው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የአየር ጠባይ የምንሠራበትን ነው። ዕቃው ከቤትና ከገበያ የማይጠፋ ነው። የሚከብደው ዕቃው ሳይሆን የመምህሩ ትዕግሥት ነው።

አንድ ነገር ለሦስት ሳምንት

አብዛኛው መምህር ልጆቹ ይሰለቻሉ ብሎ በመስጋት በየቀኑ አዲስ ሥራ ያቀርባል። ሰኞ የወረቀት አበባ፣ ማክሰኞ የጥጥ ደመና፣ ረቡዕ የቀለም ጣት። በዚህ አካሄድ ቀድሞ የሚደክመው መምህሩ ነው፤ ልጆቹም ከአንዱም ጋር በቅጡ ሳይተዋወቁ ያልፋሉ። እኛ አጥብቀን የምንመክረው አንድ ወቅታዊ ነገር መርጦ ሦስት ሳምንት ያህል አብሮት መቆየትን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ይነካሉ፣ ያሸታሉ፣ ይደፋሉ፤ ከዚያ ሌላ ብዙ አይጠበቅም። በሁለተኛው ማወዳደር ይጀምራሉ፦ ይኼ ይከብዳል፣ ያኛው ይበልጣል ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ዕቃ ይጠይቃሉ፣ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ ሕግ ያወጣሉ። ትምህርቱ በብዛት ያለው እዚህ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚቀያየር ሥራ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል።

አርባ ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሆናል? ልጆቹን ስምንት ስምንት አድርጋችሁ አምስት ቡድን ክፈሉ። በቀን ሁለት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ። በሳምንት አሥር ዙር ስለሚሆን እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። አንዷ መምህርት ከስምንቱ ጋር ስትሆን ረዳቷ የቀሩትን በሥዕል፣ በእንጨት ኪዩብና በዕቃ ዕቃ ጥግ ትይዛለች። ስምንት የሆነበት ምክንያት ተግባራዊ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ልጅ ተራ መጠበቅ እንጂ መሥራት አይችልም። ዕቃም ለስምንት ብቻ ከተዘጋጀ ይበቃል፦ ስምንት የወተት ዱቄት ጣሳ (ጠርዙ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ)፣ አራት ትንንሽ ሰፌድ፣ ሁለት ወንፊት፣ ሁለት ባልዲ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ጆንያ፣ እና ስምንት የአዋቂ አሮጌ ቲሸርት። ቲሸርቱ ክንዱ ከክርን ላይ ተቆርጦ የኋላው ወደ ፊት ሆኖ ሲለበስ ዩኒፎርሙን ከአንገት እስከ ጉልበት ይሸፍናል። ከወላጅ የሚመጣውን ቅሬታ ግማሹን የሚያስቀረው ይኼ ቲሸርት ነው።

የእንቁላል ትሪው

ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ የማይወርድ አንድ ነገር ቢኖር የአየር ጠባይ መዝገቡ ነው። ለዚህ ከእንቁላል ትሪ የተሻለ ዕቃ አላገኘንም። ትሪው 30 ጉድጓድ አለው፤ የእኛም ወር 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ አንድ ትሪ አንድ ወር ይሆናል። በግሪጎርያን አቆጣጠር ቢሆን 28 እና 31 እያለ ያስቸግር ነበር። ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ትሪ ይበቃል። ንጹሑን ብቻ ምረጡ፤ እንቁላል የፈሰሰበትን ወይም የዶሮ ኩስ የነካውን ጣሉት። የቀረውን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ቀለም ቀቡት።

በየጠዋቱ አንድ ልጅ ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ይመለስና የሃይላንድ ክዳን በቀኑ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል። ሰማያዊ ክዳን ዝናብ፣ ቢጫ ፀሐይ፣ ነጭ ደመና። ክዳኑ በትንሽ ሙጫ ካልተያዘ ትሪው ሲሰቀል ይወድቃል። ሰኞ ጠዋት የቅዳሜንና የእሑድን አየር ማስታወስ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ክርክር ያስነሳል፣ ክርክሩም ይጠቅማል። «ቅዳሜ ዘንቧል» የሚል ልጅ «በምን አወቅህ?» ሲባል «ልብሳችን ከገመድ ላይ ሳይደርቅ ቀረ» ብሎ ማስረጃ ያመጣል። ትሪው አምስት በስድስት ስለተደረደረ አምስት አምስት እያሉ መቁጠር ሳይነገራቸው ይለመዳቸዋል። ጥር ላይ የመስከረሙን ትሪ ከታኅሣሡ አጠገብ ስትሰቅሉት፣ አንዱ በሰማያዊ የተዝጎረጎረ፣ ሌላው ቢጫ በቢጫ ሆኖ ይታያል። «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ማስገባት ያለባችሁ ያኔ ነው።

መስከረምና ጥቅምት

ትምህርት ሲከፈት ግቢው ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አደይ አበባ የምትቆየው ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ከእሷ ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ከነግንዱ ሁለት ሁለት አበባ በቂ ነው። ቅጠል መቁጠር፣ በመጠን መደርደር፣ ግንዱን በጣት እየነኩ ለስላሳና ሻካራውን መለየት። የአበባውን ቅጠሎች ቁጥር አስቀድማችሁ አትንገሩ፤ ይቁጠሩ፣ የጓደኛቸው ቁጥር ከራሳቸው ሲለይ ደግመው ይቁጠሩ።

አበባ በጋዜጣ መሐል ማድረቅ የምትወዱ ካላችሁ፣ መስከረም ላይ ገና እርጥበት ስላለ ወረቀቱ ካልተቀየረ ይሻግታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በየቀኑ ደረቅ ጋዜጣ ተኩ፣ ላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑ፤ በሳምንት ገደማ ዝግጁ ይሆናል። ለማጣበቅ የዱቄት ሙጫ ስትሠሩ በአንድ እጅ ዱቄት አራት እጅ ውሃ አድርጉና በዝግታ አንተክትኩ። የሚተርፈውን አታስቀምጡ፤ በማግስቱ ይሸታል።

ቄጠማና እንግጫ ለጣት ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም። በሦስት ዘለላ መጎንጎን ለአራት ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ በሁለት ዘለላ መጠምዘዝ ግን ይችላል። ዘለላዎቹን ከላይ በአንድ ላይ አስራችሁ ከወንበር ጀርባ ጋር ካላያያዛችኋቸው ልጁ ሲጎትት ሁሉም ይፈታበታል። አንድ ቀን ያደረ ቄጠማ ትኩስ ከተነቀለው ይሻላል፤ ጠውለግ ስለሚል አይሰበርም። ጠርዙ ስለታም የሆነውን ሣር ግን አስወግዱ፣ የጣት ቆዳ ይቆርጣል።

በክፍላችሁ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች እንደሚኖሩ አትርሱ። ወቅቱ የሁሉም ነው፣ በዓሉ የየቤተሰቡ። ቀጫጭን እንጨት እያቆሙ እንዳይወድቅ ማስደገፍ ሚዛንን ያስተምራል፤ ልጁ «ደመራ ነው» ካለ ደመራ ይሁን፣ «ጎጆ ነው» ካለ ጎጆ ይሁን። ለማቆም ቢያንስ ሦስት እንጨት እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይደርሱበታል። እሳት ግን በምንም ምክንያት አይገባም።

ነዶና እሸት

ኅዳርና ታኅሣሥ ለእኛ የዓመቱ ምርጥ ወራት ናቸው። ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ አዝመራው እየተሰበሰበ ነው። ወደ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ የሚመላለስ ወላጅ ካለ ሁለት የስንዴ ነዶ ጠይቁት። ገብስም ይሆናል፤ ነገር ግን የገብስ ራስ ላይ ያለው ሹል ፀጉር ልብስና ጉሮሮ ውስጥ ስለሚገባ ለትንንሾቹ ስንዴ ይሻላል።

ነዶው በመጣበት ቀን ሥራ አትጀምሩ። መሐል ላይ አቁሙትና ቁመታቸውን ይለኩበት፣ ያሽትቱት። ቀጥሎ አንዳንድ ራስ ስጧቸውና በመዳፋቸው ያሹት። ፍሬው ሲወጣ የሚያሳዩትን ፊት ለማየት ሲባል ብቻ እንኳ ይህን መሥራት ተገቢ ነው። ከዚያ የቀረው ጆንያ ውስጥ ይገባና አፉ ታስሮ በአጭር ዱላ ተራ በተራ ይወቃል። በእግር ማስረገጥ አንመክርም፤ በብዙ ቤት እህል መርገጥ ነውር ነው፣ ልጁ ከቤቱ የያዘውን ክብር ክፍሉ ማፍረስ የለበትም።

ማበጠር ላይ ብዙ መምህራን ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ምክንያቱም የአራት ዓመት ልጅ ሰፌድ ወርውሮ መቅለብ አይችልም፣ እህሉ መሬት ላይ ይበተናል። መፍትሔው ሰፌዱን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። መጀመሪያ ጆንያ ይነጠፍ፤ ልጁ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይቁም፤ የተወቃውን በጣሳ ይዞ ከትከሻው ከፍታ በቀስታ ያፍስሰው። ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ብሎ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ በካርቶን ቁራጭ አራግቡ። ልጁ በእጁ የሚጨብጠው ሐሳብ፣ ከባዱ ቅርብ ቀላሉ ሩቅ መውደቁ፣ በአንድ ጣሳ ይያዛል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ ፍሬ ይልቀም እንጂ ገለባው ወደሚሄድበት አይቁም። ሰፌድ የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያኔም መወርወር ሳይሆን ማንገዋለል ብቻ፣ በግማሽ እፍኝ እህል። ይህን ለማሳየት ከሁላችንም የምትሻለው የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ናት። እንድታስተምር ጋብዟት፤ ልጆቹ «እማማ» የሚሏት ሴት መምህር ስትሆን ማየታቸው በራሱ ትምህርት ነው።

ታኅሣሥና ጥር ላይ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ ዳር በእስር በእስር ይሸጣል። ሦስት እስር ለአንድ ክፍል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ያልተከፈተ ቅርፊት ስጡ። ከመክፈቱ በፊት በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ስንት ፍሬ እንዳለበት ይገምት፦ ባዶ፣ አንድ ወይስ ሁለት? ጆንያው ላይ በጠመኔ ሦስት ረድፍ አስምሩና የተከፈተውን ቅርፊት በየረድፉ ያስቀምጥ። ስምንቱ ልጆች ሲጨርሱ አርባ ቅርፊት ተደርድሮ የትኛው ረድፍ እንደረዘመ በዓይን ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይበላሻል፦ ልጆቹ በአንዱ ረድፍ አራርቀው፣ በሌላው አጠጋግተው ይደረድሩና ትንሹ ቁጥር ረጅም ሆኖ ይታያል። ዕድሜያቸው ርዝመትንና ብዛትን ገና የማይለይበት ነው፣ ስለዚህ በቃል ብታስረዱ አይገባቸውም። ረድፉን በጭብጥ በጭብጥ ስፋት ሣጥን ሣጥን አድርጋችሁ አስምሩ፤ በአንድ ሣጥን አንድ ቅርፊት። ያኔ ይስተካከላል።

«ባዶ» የሚለው ረድፍ ልዩ ነው። ዜሮን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከማየት፣ ያበጠ ቅርፊት ከፍቶ ምንም ሳያገኙ መቅረት በጣም ይለያል። ባዶ የደረሰው ልጅ ቢከፋ «የባዶ ረድፍ ያንተን ይፈልጋል» በሉት።

የሽምብራ ተክል ኮምጣጣ ጠል ስላለው የአንዳንድ ልጅ እጅ ያሳክካል፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ፍሬው ደግሞ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ሊገባ የሚችል መጠን አለው፣ ደረቁ ሽምብራ በተለይ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ አደገኛ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት አትስጡ፤ ለትልልቆቹም በቁጥር ሰጥታችሁ በቁጥር ተቀበሉ። አንድ ፍሬ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በጣትም በጥጥም አታውጡ፣ ውሃም አትጨምሩ፤ ልጁ በአፉ እየተነፈሰ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሌላው ጥንቃቄ የዘር ጉዳይ ነው፦ ከግብርና ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አይገባም። እህል የምትገዙት ለምግብ ከሚሸጥበት ሱቅ ይሁን።

የዚህ ወቅት መጨረሻ ላይ የበሶ ጭብጦ እንሠራለን። የተዘጋጀ በሶ ይገዛል፣ ትንሽ ጨው ይገባበታል፣ ልጁ ራሱ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመረ ይለውሳል። አንድ ማንኪያ ጨምሮ ሳይለውስ ሌላ የሚደግም ልጅ ይኖራል፤ የእሱ አይጨበጥም፣ በሶ መጨመር እንዳለበት ያኔ ያውቃል። ስለ ምግብ አለርጂ አስቀድማችሁ ወላጆችን ጠይቁ።

ጥላውን በሲባጎ

ይህ ሥራ በወር አንድ ቀን ብቻ ይጠይቃል። ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ዱላ ጠጠር በሞላ ባልዲ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ከጠጠሩ በላይ የሚታየው ልክ አንድ ሜትር ይሁን። ባልዲው የሚቆምበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጆቹ ከዱላው ሥር እስከ ጥላው ጫፍ ሲባጎ ዘርግተው ይቁረጡና የወሩ ስም ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይንጠልጠል። በባልዲው ቁመት ምክንያት የጥላው መነሻ ስለሚደበቅ ባልዲውን እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ መቅበር፣ ካልሆነም ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ መጠቀም ይሻላል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የሚገኘው ውጤት በውጭ አገር መጽሐፍ የማይታይ ነው። መስከረም ላይ ሲባጎው አጭር ነው። እየረዘመ ሄዶ በታኅሣሥ አጋማሽ 60 ሳንቲ ሜትር አለፍ ይላል፤ ጥላውም ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ያመለክታል። ከዚያ ያጥርና በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ጥላው ከዱላው ሥር ገብቶ ይጠፋል ለማለት ይቻላል፤ ለዚያ ወር የሚንጠለጠለው የሲባጎ ቋጠሮ ብቻ ነው። በግንቦት መጨረሻ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር አለፍ ብሎ ይመለሳል፣ አሁን ግን ወደ ደቡብ። የፀሐይን አካሄድ ለአምስት ዓመት ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። «የእኛ ጥላ የት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ አንደኛ ክፍል ቢገባ ይበቃዋል። ፀሐይዋን ቀና ብለው እንዳያዩ ብቻ ሁልጊዜ አስታውሷቸው።

ጭቃ

የበልግ ዝናብ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲመጣ የጭቃ ጊዜ ይሆናል። አፈሩ የሚወሰደው ከመኪና መንገድ፣ ከጋራዥ፣ ከሽንት ቤትና ውሾች ከሚያዘወትሩት ቦታ ርቆ ነው። በወንፊት ይነፋ፤ ብርጭቆና ሚስማር የሚገኘው ሲነፋ ነው። ዋልካ አፈር እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር ይሻላል። መነሻ የሚሆን መጠን፦ ሦስት ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ አሸዋ፣ አንድ እፍኝ የተከታተፈ ጭድ፣ ውሃ ቀስ እየተባለ እስከ አንድ ጣሳ። ልኩን ለማወቅ በመዳፍ ጠቅልላችሁ የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ሥሩና ቀለበት አድርጋችሁ እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ውሃ ይጎድለዋል፣ ከተዝለፈለፈ ውሃ በዝቶበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታ ድብልቁን ለልጆቹ መተው ነው። ሦስት ኳስ ይሥሩ፦ አፈር ብቻ፣ አፈርና አሸዋ፣ አፈርና ጭድ። ሦስቱም ጥላ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ከተሰጡ ውጩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ሁሉም ይሰነጠቃሉ፣ ንጽጽሩም ይጠፋል። ከዚያ ከወገብ ከፍታ ይጣሉ። ጭድ ያለበት ኳስ ቢሰነጠቅም ብዙውን ጊዜ አይበታተንም። የአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ጭድ አይቶ የሚያውቅ ልጅ ካለ ያኔ ይናገራል፤ እናንተ አትቅደሙት።

የጭቃ ገመዱ ፊደል ለመሥራትም ይሆናል። «ቀ» እና «ተ» ክብና መስቀላቸው በእጅ ከተሠራ በኋላ በእርሳስ ሲጻፉ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ይቀላል። ጣት የሚያጠነክረውም ይኼ መጠቅለልና መቆንጠጥ ነው፤ ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ ደብተር ላይ ቢጎተት እርሳሱን በጡጫ ይይዛል።

ጫማ አይወልቅም። በተራራማ አካባቢ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የዝሆኔ በሽታን ያመጣል፤ ጫማ የማድረግ ልማድ ከዚህ ይጀመር። ጥፍር ተቆርጦ ይምጡ፣ ቁስል ያለበት ልጅ ከጭቃው ይልቅ አሸዋ መለካት ላይ ይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መታጠቢያው በሦስት ሳፋ ይሁን፦ በመጀመሪያው ጭቃው ይራገፋል፣ በሁለተኛው ሳሙና፣ በሦስተኛው ላይ በጆግ ንጹሕ ውሃ ይፈስላቸዋል። አንድ 20 ሊትር ጄሪካን ለስምንት ልጅ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳፋ ውሃ ቱቦ ውስጥ አትድፉ፣ ይደፈናል፤ አትክልት ሥር ይፍሰስ።

በዚያው ሰሞን ዝናብ መለኪያም ይሠራል። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ሥር ተቆርጦ የላይኛው ክፍል ተገልብጦ ይገባበታል፣ ጠርዙ በፕላስተር ይሸፈናል። የጠርሙሱ ቂጥ ጎድጓዳና ወጣ ገባ ስለሆነ ልኩን ያዛባል፤ ጥቂት ጠጠር ጨምራችሁ ቀጥ ያለው ግድግዳ እስከሚጀምርበት ውሃ ሙሉትና እዚያ ላይ «0» የሚል መስመር አስምሩ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፉት። ጠዋት ሲገቡ በጣት ስፋት ይለካሉ፦ የአንድ ጣት ዝናብ፣ የሁለት ጣት ዝናብ። ከለኩ በኋላ እስከ መስመሩ መመለስ ካልተለመደ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ይደመራል።

ፌጦ ከባቄላ ይቅደም

በየክፍሉ የሚዘራው ባቄላ ነው፤ ልጆቹ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳያዩ ይረሱታል። በፌጦ ጀምሩ። እርጥብ ጥጥ ሰሃን ላይ ዘርጉና አንድ የሻይ ማንኪያ ፌጦ በትኑበት። አስቀድማችሁ አትንከሩት፤ ውሃ ሲነካው ስለሚያዝለገልግ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት ብቻ በቂ ነው። በሁለት ቀን ገደማ መብቀል ይጀምራል፣ በሳምንቱ አካባቢ ተቆርጦ በዳቦ ይበላል፤ ቃጠሎውን የማይወድ ልጅ ቢተፋው አትቆጡ።

ከዚያ ባቄላ ይመጣል። ሌሊቱን ተነክሮ ያድር። ግልጽ የሃይላንድ ቁራጭ ውስጥ ሶፍት ተጠቅልሎ ይገባና ባቄላው በጠርሙሱና በሶፍቱ መሐል ይደረጋል፤ ውሃው ከሥር አንድ ጣት ብቻ። ባቄላው ራሱ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ይበሰብሳል፣ ክፍሉም ይሸታል። ሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ሲወጣ ጠርሙሱን በጎኑ አጋድሙት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ይሄዳል። ሰኔ ላይ ትምህርት ስለሚዘጋ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ የተተከለ ነገር ልጁ ቤቱ ይዞት ካልሄደ ፍሬውን አያይም።

ግቢያችሁን ከዚህ ሁሉ በፊት ፈትሹ። ጉሎ ካለ ይነቀል፤ ፍሬው የተዥጎረጎረና ያማረ ስለሆነ ልጅ ይሰበስበዋል፣ መርዛማ ነው። አስተናግርም እንዲሁ። አጥሩ ቅንጭብ ከሆነ ነጭ ወተቱ ዓይን ይጎዳልና ልጆች እንዳይደርሱበት ከልሉት።

ከወላጅና ከልጅ ጋር ያለው ንግግር

«ሀ ሁ መቼ ነው የሚማሩት?» የሚል ወላጅ ይመጣል፤ ሥጋቱ እውነተኛ ነው፣ ገንዘብ ከፍሎ ነው። በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ «ዛሬ ተጫወቱ» ብላችሁ አትጻፉ። «ዛሬ ሽምብራ እየከፈተ እስከ አምስት ቆጠረ፣ ባዶና ሙሉ ለየ፣ ‹ሽ›ን በጠመኔ ጻፈ» በሉ። ብርድ ይመታዋል የሚል ካለ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የውጭውን ሥራ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ከ4 ሰዓት ጀምራችሁ አድርጉ።

ከልጁ ጋር ስትሆኑ «ይኼ ምን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል ይዘጋል። «ይኼኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?»፣ «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሻል?» ይሻላል። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታው ረዘመ ብላችሁ መልሱን አትስጡ። ያሉትን በራሳቸው ቃል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሥራው አጠገብ ለጥፉ። መምህሯ የቆረጠችው፣ ልጁ ያጣበቀው፣ አርባው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ የወረቀት አበባ ግን ለወላጆች ቀን ያምራል እንጂ የማንንም ልጅ ሐሳብ አይዝም።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ቀኑን እንዳለ አትቅዱ። ቦረና ላይ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ የጭቃው ወር ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት ውጭ ያደረ ሰሃን ውሃ ላይ በረዶ ሊገኝ ይችላል፤ ጠዋት እዚያ ያሉ ልጆች በእጃቸው ይያዙት፣ እስኪቀልጥ ይጠብቁ። ድሬዳዋ ላይ የውጭ ሥራ ከማለዳ ውጭ አይታሰብም፣ ውሃ መቅዳትና ማፍሰስ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቻላል። የአካባቢያችሁን ወራት ለማወቅ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ፣ ምግብ አብሳይና አትክልተኛ ጠይቁ፦ በየትኛው ወር ምን ይበቅላል፣ ምን ይደርቃል፣ ገበያ ላይ ምን ይረክሳል? የሚነግሯችሁን በአሥር ወር ከፋፍላችሁ ጻፉና ከእያንዳንዱ ወር አንድ ነገር ብቻ ምረጡ።